ባዶውን የተመለሰው ድስት

ቤከንሂል፣ ሴንት ቶማስ፣ ጃማይካ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2012

ልጄ ማርቫ፣

በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ በእኔ ዕድሜ ከዚህ የሚበልጥ ሰላምታ የለም። አንቺስ? በርሚንግሃም በረዶ ጥሏል ሲሉ ሰማሁ። አውቶቡሱን ቀስ አድርገሽ ንጂ።

ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው፣ ስልኩ አለ፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። በስልክ ገና አፌን ስከፍት ታቋርጪኛለሽ። ደብዳቤ ማቋረጥ አይቻልም። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አንድ ገጽ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ቢሆንም የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ትጻፍልህ ያልሽውን እንዳልሰማሁ ሆኜ አልፌዋለሁ። እሷ የጻፈችውን እሑድ መዘምራኑ በዜማ ይሉታል።

ሆስፒታል መግባቴን ማን እንደነገረሽ አልጠይቅም። እዚህ ሰፈር ሰፊ አፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። አዎ፣ ገብቼ ነበር። አስመለሰኝ። ጠዋት ጀመረኝና የበላሁት ሁሉ ወጣ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ውኃ ወጣ፤ ቀጥሎ ምንም የሚወጣ ሳይኖር ሆዴ ብቻ ይገለበጥ ነበር። ጠብታ ውኃ እንኳ ሆዴ ውስጥ አልረጋ አለ። በማግስቱ ሽንቴ ቆመ። ኪንግስተን ወስደው በክንዴ ውኃ ሰጡኝ፣ በሦስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ይኸው ነው። ሳልነግርሽ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ኩላሊት የሚለውን ቃል ግን ከየት እንዳመጣሽው ገርሞኛል። ዶክተሯ ያለችው፣ ሰውነቴ ውኃ ሲያጣ ኩላሊቴም ደርቆ ሥራ አቁሞ ነበር፤ ውኃ ሲገባ ተነሣ ነው። ይህን እሷ ሳትወለድ እኔ አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት የዝናብ ውኃ ገንዳ በሲሚንቶ ስሠራ ኖሬያለሁ። ገንዳ ሞልቶ አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጠቀው ባዶውን ፀሐይ ሲመታው ነው።

ምን ትበላለህ ላልሽው፣ እበላለሁ። እናትሽ ኢሶልን ካረፈች አሥራ አራት ወር ሆነ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሚስ ኢቫድኒ ማክሰኞና ዓርብ ሾርባ ታመጣለች። ቦዬ አለው፣ ጎደሬ አለው። ጨው ታበዛለች ግን አልናገርም። ጠዋት ጠዋት የእናትሽን ሻይ ራሴ አፍልቼ እጠጣለሁ። ወንድ ልጅ ሻይ ማፍላት አይችልም የሚል ካለ ይምጣና ይይ። ጣዕሙ ገና ልክ የእሷ አልሆነም፤ ይመጣል።

አባትሽ
ኤግበርት ፒኖክ


ማርች 18 ቀን 2012

ልጄ ማርቫ፣

ቆሜ እሄዳለሁ። ትንሽ ከስቻለሁ፤ ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ቀዳዳ ጨምሬለታለሁ።

ስንት ጊዜ ነው ሆስፒታል የገባኸው ብለሽ በትልልቅ ፊደል ስለጠየቅሽ እመልሳለሁ። ሦስት ጊዜ ነው። በገና ሰሞን አንዴ፤ ያኔ ጉንፋን ነው ያልሁሽ እሱ ነው። በጃንዋሪ አንዴ፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ባለፈው ወር መጨረሻ አንዴ። ዋሽተሃል ላልሽው፣ አልዋሸሁም። አልተናገርሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዲያቆን ሆኜ ሁለቱን መለየት አያቅተኝም።

ዶክተሯ ያለችውን ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ኋላ ሌላ ሰው እንዳይነግርሽ። ሊንዶ ትባላለች፣ ልጅ ናት፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች። «አባቴ፣ ኩላሊትዎ ሦስት ጊዜ ደርቆ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። በአራተኛው ላይነሣ ይችላል» አለችኝ። ካልተነሣ ደም የሚያጥብ ማሽን አለ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ እዚያው ኪንግስተን። ከቤከንሂል በሳምንት ሦስት ቀን መመላለስ አይቻልም። ቤቴን ዘግቼ ከተማ ልግባ ማለት ነው። እናትሽ ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀብራለች። መቃብሩን በገዛ እጄ ነው የለሰንሁት። ለማን ትቼው ነው የምሄደው? ለፍየል?

ሲያምህ ምን ይሻልሃል ላልሽው፣ ፍል ውኃው ይሻለኛል። ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ገብቼ እስከ አንገቴ ስሰጥም ሆዴ ጸጥ ይላል። ስወጣ ይመለሳል፤ ስለዚህ አልወጣም። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ተኝቼበት ዋልሁ፤ ጣቶቼ እንደ ደረቀ ዘቢብ ሆኑ። ዶክተሯ ይህን እንዴት እንዳወቀችው አልገባኝም። ባለፈው ወር አልጋዬ ጠርዝ ላይ መጥታ ቁጭ አለችና፣

«ሲያስመልስዎት ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ቀለል ይልዎታል?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። ቀለል ይልዎታል ወይ?»

«እንደ ጎሽ ነው ተኝቼበት የምውለው።»

«ሙቀቱም ውኃዎን እየጨረሰው ነው። አባቴ፣ ያጨሳሉ?»

«ምኑን?»

«ጋንጃ።»

ማርቫ፣ ሃያ ሰው በተኛበት ክፍል ነው ይህን ያለችኝ። ወዲያኛው አልጋ ላይ ያለው ባለ እግር ስብራት ሰውዬ ሳቀ። እኔ ሲጋራ እንኳ ከንፈሬን አያውቀውም። «ልጄ፣ ፓስተራችን ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ እሱንም ጠይቂው» አልኋት። «ጥያቄ ነው እንጂ ስድብ አይደለም» አለች። ጫማዬን አደረግሁና ወረቀት ፈርሜ ወጣሁ። ወጥተህ ምን አደረግህ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀምጬ አረፍሁ።

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ አትምጪ። ዘጠና ሰው የጫነ አውቶቡስ የምታዝዢ ሴት እዚህ መጥተሽ እኔን ስታዝዢ ማየት አልፈልግም።

አባትሽ
ኢ. ፒኖክ


ኤፕሪል 22 ቀን 2012

ልጄ ማርቫ፣

ደኅና ነኝ፤ በሽታዬንም አግኝቼዋለሁ።

የምትበላውንና የምትጠጣውን ሁሉ ዘርዝርልኝ ያልሽው ነው እንዳስብ ያደረገኝ። ገንዳ ሲያፈስ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ባልዲ ይዘሽ ተከትለሽኛል። ቧንቧውን አንድ በአንድ ትዘጊያለሽ፤ የትኛው ሲዘጋ እንደሚቆም ታያለሽ። እኔም እንዲሁ አሰብሁ። ሆስፒታል ስገባ በሁለት ቀን እድናለሁ። ቤቴ ስመለስ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያገረሽብኛል። ስለዚህ ነገሩ ቤቴ ውስጥ ነው። ውኃው የራሴ ገንዳ ውኃ ነው፤ እኔ የሠራሁት ገንዳ አያሳምምም። ቦዬው የራሴ ነው። ሻዩ የእናትሽ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመት ጠጥቼዋለሁ። ከውጭ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሾርባው።

ክፋት አስባ ነው አላልሁም። ድስቷ ያረጀ ነው፤ ወይም እጇ፤ ወይም ጨው አስመስላ የምትጨምረው ነገር። ብቻ የዓርብ ሾርባ በልቼ ቅዳሜ አስመልሶኛል። ይህ ሁለት ጊዜ ሆኗል።

ባለፈው እሑድ ድስቷን አጥቤ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድሁ። የሰው ድስት ባዶውን እንደማይመለስ አውቃለሁ። እናትሽ ሌላ ቢጠፋ አንድ ሎሚ ትጥልበት ነበር። አውቄ ነው ባዶ ያደረግሁት። ስብከቱ አልቆ ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ ሳለ ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ አየችና፣

«ዲያቆን፣ ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«ድስትሽ ነው።»

«ድስቴ መሆኑን የማይበት ዐይን አለኝ። ባዶ የሆነው ለምንድን ነው?»

«የሞላ ጊዜ ስላሳመመኝ ነው።»

መጀመሪያ ልታለቅስ መሰለኝ፤ ግን ኢቫድኒን ታውቂያታለሽ። «ኤግበርት ፒኖክ» አለች፣ ዲያቆን የሚለውን ትታ። «አንተን መግደል ብፈልግ ሾርባዬን አላባክንም ነበር። ራስህ ሥራና ብላ ብዬ እተውህ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ይሳቅ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሯን ዘግታለች፤ እኔም በሬን ዘግቻለሁ። አሁን ሆዴን ለማጽዳት ሻዩን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እጠጣለሁ፤ ሳምንት ሆነኝ፣ አላስመለሰኝም። ምን አልሁሽ?

አባትሽ
ኢ. ፒኖክ


ሜይ 14 ቀን 2012
ኪንግስተን፣ ከሆስፒታል

ማርቫ፣

አልጋ ላይ ተኝቼ ስለምጽፍ አጭር ነው።

ሁለት ጊዜ ማሽኑ ላይ አድርገውኛል። ለዘለቄታው ይሁን ለጊዜው አይታወቅም፤ ኩላሊቱ እስኪወስን እየተጠበቀ ነው። ማን ወደዚህ እንዳመጣኝ አትጠይቂኝ።

አሁን አንድ ነገር ፈልጌሻለሁ። ያቺ ዶክተር ትናንት መጥታ «ካላጨሱ ምንድን ነው የሚጠጡት?» አለችኝ። የባለቤቴን ሻይ አልኋት። «ምን ይገባበታል?» አለች። ነገርኋት። ሰው ሁሉ ጓሮው ያለው ቅጠል ነው። ጋንጃ የሚባለው ሲጨስ ነው፤ በስኒ ሲሆን መድኃኒት ነው። ይህን በቤከንሂል ሕፃን ያውቀዋል፤ ፓስተሩም ለቁርጥማቱ በነጭ ሩም አረቄ ዘፍዝፎ ይታሸዋል። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትውከቱን ያመጣው እሱ ነው ትላለች። ቅጠሉ ሲጠራቀም ሆድን ይገለብጣል፤ ሰውየው ደግሞ መድኃኒት መስሎት ይጨምርበታል፤ በሙቅ ውኃ ብቻ ይታገሣል አለች።

እኔም «ልጄ፣ ሚስቴ አርባ ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰጥታኛለች። አንድ ቀን አስመልሶኝ አያውቅም» አልኋት።

ስለዚህ እናትሽ ሻዩን እንዴት ታፈላ እንደነበር፣ ስንት ቅጠል፣ ስንት ጊዜ፣ በግልጽ ጻፊልኝ። ማድቤት ስትገቢ የኖርሽ አንቺ ነሽ። ደብዳቤሽን ይዤ ከዚህች ልጅ አፍንጫ ሥር አደርገዋለሁ።

አባትሽ


በርሚንግሃም
ሜይ 26 ቀን 2012

አባባ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ለዶክተር ሊንዶ በስልክ ነግሬያታለሁ፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሕክምናው አይደለም። በስልክ ስለማትሰማኝ፣ ለአንተ መጻፍ ስላለብኝ ነው።

እማማ ጠዋት ጠዋት የምትሰጥህ ጠጅ ሣር ነው። ሣሩን ብቻ አፍልታ፣ በጣም ትንሽ ስኳር። አርባ ስድስት ዓመት የጠጣኸው እሱ ነው።

ከእሷ በኋላ ማድቤት ያገኘኸው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ቅጠል ሌላ ነው። እሱን የጉልበትህ ቁርጥማት ሲብስብህ ቅዳሜ ማታ ብቻ፣ ሦስት ቅጠል፣ በኮኮናት ወተት ታፈላልህ ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ቢበዛ ሁለት። ለምን ሦስት ብቻ ብዬ ጠይቄአት አውቃለሁ። «አባትሽ የወደደውን ነገር ልኩን አያውቅም፤ ሰባት የገና ኬክ ቢቀርብለት ሰባቱን ይጨርሳል» አለችኝ። ቆርቆሮውንም ከዱቄቱ ኋላ የምትደብቀው ለዚህ ነው።

አንተ ስንት ታደርጋለህ? አንድ ጭብጥ? ሁለት? በየቀኑ በኮኮናት ወተት? ጣዕሙ አልመጣልኝም ብለህ በፌብሩዋሪ ስትጽፍልኝ ምን እየጨመርህ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። አባባ፣ ያ ጣዕም ከዚያ ቆርቆሮ አይወጣም። ብትጨምረውም አይወጣም።

እሷን አንድ ቀን ጠይቀሃት ቢሆን ኖሮ፤ አልጨርሰውም።

ስለ ድስቱ ከሌላ ሰውም ሰምቻለሁ። ማን ወደ ሆስፒታል እንዳመጣህም ሰምቻለሁ፤ አንተ እስክትነግረኝ ግን እጠብቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ለዶክተሯ አሳያት። ልታሳፍራት ነበር የፈለግኸው። አሁንም አሳያት።

ልጅህ
ማርቫ


ቤከንሂል
ጁን 24 ቀን 2012

ልጄ ማርቫ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ሳምንት ያልመለስሁት ቴምብር አጥቼ አይደለም።

ለዶክተሯ አሳይቻታለሁ። ቆማ አነበበችው፣ ቀጥላ ተቀምጣ አነበበችው። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አለችኝ። «ያጨሳሉ ወይ አልሁ እንጂ ይጠጣሉ ወይ አላልሁም።» እኔም ብትጠይቂኝ ሻይ እጠጣለሁ ነበር የምልሽ አልኋት። ሳቀች። ስትስቅ ልጅነቷ ይታወቃል።

ኩላሊቱ ተነሥቷል፤ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ከመቶ አርባው ነው የሚሠራው አለችኝ። የተሰነጠቀ ገንዳ ይለሰናል፣ ውኃ ይይዛል፤ ግን ሁለተኛ እስከ አፉ አይሞላም፣ ባዶውንም ፀሐይ ላይ አይተውም። እንደዚያ ነው። ማሽኑን ለጊዜው አልፌዋለሁ። ቅጠሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቢመለስ ግን ኪንግስተን ነው፣ ቤቴም ይዘጋል። ጨው ቀንሻለሁ። የራስ ምታት ክኒን እንኳ ሳልጠይቅ አልውጥም። ፍል ውኃው ቀርቷል።

ቅጠሉን ምን አደረግኸው ላልሽው፣ ከሥሩ ነቀልሁት። ላቃጥለው ነበር፤ ጢሱን ሰፈሩ ሁሉ ስቦት ሌላ ጉድ ይሆናል ብዬ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁት። ቆርቆሮውን አጥቤ የምስማር ማስቀመጫ አደረግሁት።

ስንት ታደርግ ነበር ላልሽው፣ ሁለት ጭብጥ። በመጨረሻው ሳምንት አልቆጠርሁም።

ጠጅ ሣሩን ፈለግሁት። የለም። የት እንደነበረ አሁን አስታውሳለሁ። ማንጎው ሥር፣ መቃብሯ ከተቆፈረበት ጎን ነው። ባረፈች በዘጠነኛው ሌሊት ለሚደረገው ለቅሶ ሰው ሲመጣ ግቢው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅ፣ የፒኖክ ሚስት አረም ውስጥ ተቀበረች እንዳይሉ ብዬ፣ ያን ሣር ሁሉ በገጀራ አጨድሁት፤ ሥሩንም በዶማ አወጣሁት። ሲታጨድ የሸተተኝ ሽታ ትዝ ይለኛል። አውቀዋለሁ አልሁ። ከየት እንደማውቀው ግን አላሰብሁም፤ ሰው ሊመጣ ነበርና ቸኩዬ ነበር።

ማን አመጣህ ለሚለው። ሜይ 5 ቀን ፍል ውኃው ውስጥ ራሴን ስቼ ነበር። ያየችኝ ሚስ ኢቫድኒ ናት። በሬ ለሁለት ቀን አለመከፈቱን አይታ የት እንደምሄድ ስለምታውቅ መጣች። ጎትታ አወጣችኝ፤ የሚኒባሱን ሹፌር ሰድባ ከመስመሩ አስወጥታ ኪንግስተን አስነዳችው። መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቴ ጭኗ ላይ ነበር ይላሉ። እኔ አላውቅም። የማውቀው ስነቃ አለመኖሯን ነው።

ይቅርታ ጠይቀሃታል ወይ ላልሽው፣ እያሰብሁበት ነው።

አባትሽ
ኢ. ፒኖክ


ኦገስት 12 ቀን 2012

ልጄ ማርቫ፣

ቆሜ እሄዳለሁ፤ ቀበቶዬም አንድ ቀዳዳ ተመልሷል።

እስከ መቼ ነው የምታስበው ያልሽው አበሳጭቶኛል። ለዚህ ነው የቸኮልሁት።

መጀመሪያ በጁላይ በሯ ድረስ ሄጄ ነበር። በሩን ከፈተች፣ አየችኝ፣ «ምን ፈለግህ?» አለች። ላነጋግርሽ ነው አልኋት። «በሰው ፊት ነው የሰደብኸኝ። በሰው ፊት ና» አለችና ዘጋችው። በሩ ፊት ለፊት ትንሽ ቆምሁ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ሾርባ ሠራሁ። ማንም አልረዳኝም። ቦዬውን ልጬ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣልሁት፤ ጎደሬው እጄን አሳከከኝ፤ ሾርባው ውስጥ ከሚጣለው ድቡልቡል ሊጥ አንዱ ድንጋይ ሆነ፣ አንዱ ፈሰሰ። እናትሽ ይህን በየቀኑ ትሠራ ነበር ብዬ አሰብሁ። እኔ ገንዳ ስሠራ ሰው ቆሞ ያደንቀኝ ነበር። እሷን ያደነቀ ማን ነው?

እሑድ ምስክርነት የሚሰጥበት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ድስቱን ይዤ ነበር የተነሣሁት። «በኤፕሪል እዚህ ደጅ ላይ የእኅታችን የኢቫድኒ ሾርባ አሳመመኝ ብዬ ተናግሬያለሁ። ሾርባዋ አላሳመመኝም። ያሳመመኝ የገዛ እጄ ነው። ሚስቴ ምን ታጠጣኝ እንደነበር አላውቅም ነበር፤ አውቃለሁ ብዬ ግን ሁለት ጭብጥ አደረግሁ። ከሞት ያወጣችኝም እሷ ናት» አልሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልነበረኝም። ተቀመጥሁ። ፓስተሩ አሜን ሊል አፉን ሲከፍት ኢቫድኒ ከኋላ ተነሣችና መጣች። ቤተ ክርስቲያን መሆኑን እንኳ ሳታይ ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ ቀመሰች።

«ጨው የለውም» አለች።

«ዶክተሯ ከልክላኛለች።»

«አንተን ከለከለች። እኔ ምን አድርጌአት ነው?»

ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ፤ ፓስተሩም ሳቀ። ድስቱን ግን ይዛው ተቀመጠች። ስንወጣ ደግሞ፣ ከሁሉ የከበደውን፣ ለመንኋት። «ኢሶልን የነበራት ጠጅ ሣር ሥር አንቺ ጋ ይኖር ይሆን?» አልኋት። «የስንት ዓመት ሣሯን አጭደህ ስትጥል ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አይቼሃለሁ» አለች። «ሐዘን ነው ብዬ ነው ዝም ያልሁት። አለማወቅ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እጮህብህ ነበር።»

ማክሰኞ ዕለት ድስቴ ደጄ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ክዳኑን ከፈትሁ። አፈር ሞልቶበት፣ መሐሉ ላይ አንድ እፍኝ ሣር ከነሥሩ ቆሟል። እናትሽ ከሰጠቻት ሥር የተገኘ ነው።

ማንጎው ሥር፣ የነበረበት ቦታ ላይ ተከልሁት። ፍየል እንዳይበላው በቆርቆሮ አጥሬዋለሁ።

አባትሽ
ኢ. ፒኖክ


ኖቬምበር 24 ቀን 2012

ልጄ ማርቫ፣

ደኅና ነኝ። የደሙ ውጤት በአርባ ላይ ቆሟል፤ አልወረደም። ከሜይ ወዲህ አላስመለሰኝም።

ለገና ልምጣ ላልሽው፣ አልጋው አለ። ብርድ ልብስ አትያዥ።

ሥሩ ያዘ ወይ ላልሽው፣ ይዟል። አሁን እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ዶክተሯን ጠይቄ ነበር፤ በቀን አንድ ስኒ ይችላሉ ብላኛለች። ቢሆንም ሦስት ወር ሙሉ አልነካሁትም። ትናንት ኢቫድኒ ሾርባውን ልታደርስ መጥታ፣ የእኔን ያለ ጨው ለብቻ ነው የምትሠራው፣ «ይህን ሣር ለማየት ነው እንዴ የተከልኸው?» አለችኝ።

ስንት ቅጠል ነው የሚደረገው ብዬ ጠየቅኋት። አርባ ስድስት ዓመት ጠጥቼው ስንት እንደሚደረግ የጠየቅሁት ትናንት ነው።

«ኢሶልን አምስት ታደርግልህ ነበር» አለች።

ዛሬ ጠዋት ቆርጬ አጠብሁ፣ አፈላሁ፣ ማንጎው ሥር ወንበር አውጥቼ ጠጣሁት። ጣዕሙ ያ ነው። ስለ እሱ ሌላ የምጽፈው የለም።

አምስት ነው ያደረግሁት። ስድስተኛውን ቆርጬው ነበር፤ መልሼ መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

አባትሽ
ኤግበርት ፒኖክ